አብሮኝ የሚያድግ ሽፍታ

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ሰው ላይ ከምጮህ እዚህ ላይ ልጩህ ብዬ ይህን ደብተር ጀመርኩ። ማስታወሻ ጽፌ አላውቅም። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የምጽፈው በጠመኔ ነው፣ ደወል ሲደወል ይጠፋል።

ዛሬ ያናደደኝ የቤኒ ጌም ነው። ቤኒ ድሮ ተማሪዬ ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ አንድ ክፍል ተከራይቶ «ቆላና ደጋ» የሚል ጌም መሥራት ጀመረ። ተጫዋቹ አንድ ተጓዥ ሆኖ ሰፊ አገር ውስጥ በፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል። እንደ ሁምቦ የሚያቃጥል ቆላ አለ፤ ዳሞታን የሚመስል ጭጋግ የማይለቀው ተራራ አለ፤ በመካከሉ ጅብ፣ ሽፍታ፣ ባለ ሁለት ራስ እባብ፣ ዋሻ ውስጥ የሚኖር ክፉ መንፈስ። ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም። የእኔ ድርሻ ቁጥሩ ነው። ማን ስንት ኃይል አለው፣ ማን በስንት ምት ይወድቃል፣ ይህን እኔ አወጣለሁ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ድልድዩ ላይ አንድ ሽፍታ አለ። መጀመሪያ ሲያገኘኝ ቡቱቶ ለብሶ በቆመጥ ገደለኝ። እሺ፣ ጀማሪ ነኝ። ሄጄ ቆላውን ሁሉ ዞርኩ፣ ተዋጋሁ፣ የብረት ሰይፍ አገኘሁ፣ አሥር ሌቨል ወጣሁ። ልበቀለው ተመለስኩ። ያው ሽፍታ፣ ያው ድልድይ፣ ያው አስቀያሚ ፊት። ጥሩር ለብሷል፣ የብረት ጎራዴ ይዟል! በቆመጡ ጊዜ ያስጨነቀኝን ያህል አስጨንቆ ገደለኝ። ከየት አመጣው? እኔ በረሃ ለበረሃ ስንከራተት እሱ እዚያው ቆሞ ምን ሠርቶ አደገ?

ለቤኒ ደወልኩለት።

«ቲቸር፣ ጠላቶቹ ከተጫዋቹ ጋር አብረው ነው የሚያድጉት» አለኝ፣ የተባረከ ነገር እንደሚነግረኝ ሁሉ። «ሳልነግርዎት ነው የቀየርኩት፣ ይቅርታ። እንደዛ ካልሆነ ሰው ጠንክሮ ሲመለስ ሁሉም ይቀለውና ይሰለቸዋል። ውጭም ብዙዎቹ እንደዛ ነው የሚሠሩት።»

«ሰው ማደጉን የሚያውቀው ትናንት ያቃተው ዛሬ ሲቀለው ነው!» አልኩት። «ሌላ ምስክር የለውም። አንተ ምስክሩን እየገደልክበት ነው።»

ጮኼ ነበር መሰለኝ። ብሩክታይት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያወጣሁላትን የልምምድ ፈተና እየሠራች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አጎነበሰች። ረበሽኳት።

የእሷን ነገር ልጻፍ። ባለቤቴ አካውንቲንግ ተምራ ጨርሳለች፤ የመውጫ ፈተናውን ግን ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ሁለተኛውን ለጥቂት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ካላለፈች ዲግሪዋን አይሰጧትም። ዲግሪ ካልያዘች ደግሞ በጊዜያዊነት የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አይቀጥራትም፤ እስከ ክረምት እንታገሣለን ብለዋታል። ሰኔ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ትቀመጣለች። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈተና አወጣላታለሁ፣ አርማለሁ፣ አስረዳለሁ። ስንት ባል ነው ይህን የሚያደርግ?

የዛሬው አርባ ሰባት። ያለፈውም እዚያው አካባቢ ነበር።

ሚያዝያ 21

መምህራን ክፍል ውስጥ አንዱ ስለ እኔ ሲያወራ በሩ ላይ ሰማሁት። «የመክብብ ፈተና ላይ ሰማንያ ያመጣ ተማሪ እስከ ዛሬ አልተወለደም» አለ። ሳቁ። እኔም ገባሁና አብሬ ሳቅሁ። ስም ነው፣ በአንድ ቀን አይገኝም።

ሻዩ ግን ዕቃ የታጠበበት ውኃ ይመስላል። አስጠላኝ፣ ደፋሁት።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ብሩክቴ ዛሬ እየሳቀች ነው የተቀመጠችው። ባለፉት ሳምንታት ያስቸግሯት የነበሩትን የወጪ ስሌቶች ከጓደኞቿ ጋር ስትሠራ ሰንብታለች። እስክሪብቶዋን ነካ ነካ አድርጋ «ዛሬ አሳይሃለሁ» አለችኝ።

እኔ ግን እንደለመደቻቸው ቀድሜ አውቄያለሁ። የለመደ ሰው ይዘናጋል። ስለዚህ እነሱን ትቼ ከማስተርስ ተማሪዎች መጽሐፍ ላይ አዲስ አወጣሁ። ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኳትም፤ ብነግራት ሰበብ ታደርገዋለች።

አርባ አምስት።

«ይሄን ሁሉ አጥንቼ ወደ ታች?» አለችኝ።

«ፈተና ነው፣ ይከብዳል። አይዞሽ» አልኳት። ከዚያ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ አስረዳኋት። እያየችኝ ነበር እንጂ እየሰማችኝ አልነበረም።

አይዞሽ ማለቱን ትንሽ አርዝሜ ብናገር ጥሩ ነበር። በአንድ ቃል ነው የተገላገልኳት።

ግንቦት 1፣ አርብ

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ ብተኛ ያንቀኛል።

ቤኒ ጌሙን መናኸሪያው ጀርባ ያለው የጩማ ጌም ቤት ውስጥ አስገብቶታል፤ ሰው ሲጫወተው ለማየት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ገንዘብ ሊሰጡ የሚችሉ ሰዎች መጥተው ያዩታል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ጩማ ቤት ያለውን ልማድ ቤኒ ረስቶታል። እዚያ ሰው በሰዓት ነው የሚጫወተው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ቀጣዩም አንዱ ካቆመበት ይቀጥላል። ጨዋታው የሚቀመጥበት ሴቭ አንድ፣ ተጓዡም አንድ። የሰፈሩ ሁሉ ነው። አንዱ ጠዋት ሰይፍ ይገዛለታል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ገደል ይከተዋል። ቤኒ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ተጓዥ ብሎ ነው ያሰበው፤ ትምህርቱን ያገኘው ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ከሚጫወት ሰው ቪዲዮ ላይ ነው።

እና አቶ ዳልጮ መጡ። ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር የሚነግዱ ናቸው፣ ወደ ሃላሌ የሚሄድ መኪና እስኪሞላ ጌም ቤት ይቀመጣሉ። ውጊያ አይወዱም። ጌሙ ውስጥ ያለችውን ገበያ አግኝተው ሰዓታቸውን ሙሉ ቦዬ ሲገዙና ሲሸጡ ዋሉ። ንግድም ሌቨል ይጨምራል፤ ቤኒ ነው እንደዚያ ያደረገው። ተጓዡ ሰይፉን ከአፎቱ ሳይመዝ አሥራ ሁለት ሌቨል ወጣ። አቶ ዳልጮ ጢማቸውን እየዳበሱ ተነሡ።

ቀጥሎ አንድ የባጃጅ ሹፌር ተቀመጠና ከከተማው በር ወጣ። በሩ ላይ ያለችው ጅብ የመጀመሪያዋ ናት፤ ጀማሪ የሚለማመድባት። ተጓዡ በንግድ አድጓልና እሷም አድጋለች፤ ጥጃ አክላለች። በአንድ ንክሻ ገነጠለችው። ተነሣ፣ ገነጠለችው። መልሶ ተነሣ፣ መልሳ ገነጠለችው። የተጓዡ እጅ ከሚዛን በቀር ይዞ አያውቅም።

«ማነው ይሄን ሰውዬ ነጋዴ ያደረገው?» ብሎ ዞረ ሹፌሩ።

አቶ ዳልጮ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እኔ አተረፍኩኝ እንጂ ምን አጠፋሁኝ?» አሉ። «በእኔ ትርፍ ጅቧ ለምን ተናደደች?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን እኔ ለቤኒ በሁለት ሳምንት ማስረዳት አቅቶኛል። ሰው ስላተረፈ የሚናደድ ጅብ! ይህን ማን ያስባል? ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ሰው አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ግቡን አንድ እርምጃ የሚያርቅ? ጨዋታ አይደለም፣ ሰውን ማድከም ነው። ያቅለሸልሻል።

ቤኒ ቀልቶ «ሴቩን ለየብቻ ላድርገው» አለ።

«አይሆንም» አለ የቤቱ ባለቤት ጩማ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ከትናንቱ ለመቀጠል ነው። ሁሌ ከዜሮ ከሆነ ማን ተመልሶ ይመጣል?»

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

አርባ ስምንት። ሦስት ጥያቄ ላይ የሰጠችው መልስ ከእኔ የተሻለ ነበር፤ መጽሐፉን ገልጬ ካየሁ በኋላ ነው ያመንኩት። አረምኩላት እንጂ አላወራሁትም። ለሚቀጥለው ጠበቅ ማድረግ አለብኝ።

አባይነሽ መጥታ ነበር፣ የብሩክቴ ታላቅ እህት። ስኳር ድንች ይዛልን መጣች። ብሩክቴ ጓዳ ስትገባ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«መክብብ፣ ልጅቷን አታድክማት። የመዝሙር ኳየሩን እንኳን ተወች። ትላንት ደወልኩኝ፣ ‹እኔ እኮ አልችልም እትዬ› አለችኝ። እንዲህ ብላ አታውቅም፣ እሷ።»

«እያገዝኳት ነው» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ድካሟን ነው ያልኩ።»

እርዳታ ሲሰጡ የሚመጣ ምክር ያስጠላኛል። እኔ ባልኖር ማን ያስጠናት ነበር? መዝሙር? ይህን ግን አፍ አውጥቼ አላልኩም። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ቃለ ሕይወት ቤት ገብቼ አግብቻለሁ፤ ምላስን መሰብሰብ የተማርኩት ያኔ ነው።

ግንቦት 6

በጥድፊያ። ቤኒ እሺ አለ! ጠላቶቹ አያድጉም። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ክብደት ይኖረዋል፣ ቆላው ቀላል፣ ወደ ደጋ ሲወጣ እየከበደ። ግን ቁጥሩን ሁሉ ከዜሮ እንዳወጣ ሰጠኝ። ሰዎቹ እስኪመጡ ቀኑ አጭር ነው። የተማሪዎች ፈተና እርማት አለብኝ። የብሩክቴም አለ። መብራት የለም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አርባ አራት።

ሰዓቱን በሩብ ቀንሼው ነበር። እንዳትደነግጥ አልነገርኳትም። «ጨረስሽ?» ስላት ገና አንድ ገጽ ይቀራት ነበር። ስልኳን አይታ «ሰዓቱ ምን ነካው?» አለች፤ ከዚያ ራሷ «እኔ ነኝ የዘገየሁት» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

አላለቀሰችም። ፊቷን ታጥባ መጣችና «ምናልባት ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለች። እንዲህ ዓይነት ንግግር ይቀፈኛል። ሰው ለፈተና አይፈጠርም፣ ይዘጋጃል እንጂ። እንደዚያው አልኳት። ለብቻዬ ስሆን ግን ትከሻዋን መያዝ ነበረብኝ ብዬ አሰብኩ። ይዤ የነበረው ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ግንቦት 13

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ዝናብ ስለያዘ ጃንጥላ ይዤ ቢሮዋ ሄድኩ። በመስኮት አየኋት፤ ሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ከበዋት ሒሳብ ታስረዳለች። ከእነሱ አንዱ ዲግሪ ያለው ነው። የሚነጋገሩበትን ሰማሁት፤ ሚያዝያ ላይ በእኔ ፈተና የሳተችው ዓይነት ነው። አንድም ጊዜ ሳትደናቀፍ አስረዳች። እጇን እያወናጨፈች፣ እየቀለደች።

ጥበቃው «እሷ ባትኖር ይሄ ክፍል ይዘጋል» አለኝ።

እቤት ስትጠየቅ ለምን ይጠፋታል? ፍርሃት ይሆናል። ፍርሃትን የሚገድለው ልምምድ ነው። የቅዳሜው ላይ አምስት ጥያቄ ልጨምር።

ስታየኝ ሳቋን አቆመች። ዝናቡ ጃንጥላውን ገልብጦ ሁለታችንንም አበሰበሰን።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ደስታዬን ልጻፍ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ልጻፈው።

ጩማ ቤት አዲሱ ቁጥር ገባ። አቶ ዳልጮ ሳይቀሩ መጡ። ዛሬ ገበያ አልሄዱም። ሹፌሩ ተጓዡን ቆላ ለቆላ ሲያሠራው ውሎ ጆይስቲኩን ሲሰጣቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ጅብ ወሰዱት። ያችው ጅብ ናት፣ መጠኗም የመጀመሪያው። በአንድ ምት ጣሏት።

ከዚያ ምን አደረጉ? ምንም። የቀረውን ጊዜ ሙሉ ከበሩ እየወጡና እየገቡ፣ እየወጡና እየገቡ ተንጎራደዱ። ጅቧ ስትመጣ ይጥሏታል። ይስቃሉ። ሁሉም ያያቸዋል። «ኧረ አባቴ፣ ወደ ሌላ ቦታ ይሂዱ፣ አይሰለችዎትም?» አለ ቤኒ።

«ተወኝማ» አሉት። «እሷ ሰውን ስታስለቅስ ሰለቻት እንዴ?»

በኋላ ተራራውን ሞከሩ። ጭጋጉ ውስጥ አንድ ነገር በሰከንድ ጨረሳቸው። «እሺ፣ ለዚህ ገና ነኝ» ብለው በሰላም ተነሡ። አልተናደዱም። የት እንደደረሱ ያውቃሉ፣ የቀራቸውን ያውቃሉ፤ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቤኒ እጄን ጨበጠኝ።

እቤት ስገባ ጠዋት ያወጣሁት ፈተና ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፣ ስሟ እንኳን አልተጻፈበትም። ከአባይነሽ ጋር ቸርች ሄዳ ነበር። ስትመለስ «አልሠራሁም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ዛሬ መውደቅ አላሰኘኝም።»

ጣዕሙ ጠፋብኝ። እራቴንም አልጨረስኩት።

ግንቦት 20

አልተመዘገበችም። የመውጫ ፈተናው ምዝገባ ከነገ ወዲያ ይዘጋል፣ እሷ አልተመዘገበችም! በአጋጣሚ ነው የሰማሁት፣ ጓደኛዋ ስልክ ላይ ስትለምናት።

«እብድ ነሽ?» አልኳት።

«አርባ አራት የሚያመጣ ሰው ምን ብሎ ይመዘገባል? አንተ ራስህ ነህ ያረምከው። ሦስተኛ ጊዜ ወድቄ ቢሮ ውስጥ በየትኛው ፊቴ ልግባ?»

ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእኔ ፈተና ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ትክክለኛው እንደዚህ አይደለም ልላት። ግን ሰው ሲያዝን እንደዚያ ነው የሚባለው፤ ማጽናኛ መስሏት አታምነኝም። ይህን ሁሉ ሳምንት ደግሞ ለምን አልነገርከኝም ትለኛለች። ምን ብዬ እመልሳለሁ? እንዳትዘናጊ ብዬ ነው ልበላት? ስጽፈው እንኳን ደስ አይልም።

«ተመዝገቢ» ብቻ አልኳት። የቤት ሥራ ሰጥቼ ከክፍል የምወጣ ይመስል።

በሩን በቀስታ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 22

ተመዘገበች። አባይነሽ እጇን ይዛ ወሰደቻት። እኔ እንድሄድ አልተጠየቅሁም።

ግንቦት 27

ከአዲስ አበባ ሰዎቹ መጡ። ሁለት ናቸው፣ አንድ ጎልማሳና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት። ጌሙን ወደዱት። ሴትዮዋ ተራራው ላይ አራት ጊዜ ሞታ ወደ ቆላ ወረደች፣ በአንድ ምት የሚወድቁትን እየጣለች ትንሽ ተዝናናች፣ ከዚያ ዞራ «የመጀመሪያው ጅብ ለምን እንደ ደካማ ይቀራል? ከተጫዋቹ ጋር ለምን አታሳድጉትም?» አለች።

ቤኒ ወደ እኔ አመለከተ። ተነሣሁና ተናገርኩ። አምሮልኝ ነበር። ሰው በሞከረ ቁጥር መለኪያውን ከፍ የምታደርግበት ከሆነ ድካሙን እየሰረቅከው ነው አልኩ። ጠንክሮ ሳለ ደካማ ነኝ ብሎ እንዲያምን ታደርገዋለህ አልኩ። በመጨረሻ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ጆይስቲኩን አስቀምጦ ይሄዳል፣ አይመለስም አልኩ።

«ተማሪዎችህ ዕድለኞች ናቸው» አለችኝ ሴትዮዋ።

ወዲያው የጠጣሁት ለስላሳ ወደ ላይ መጣ፤ ይቅርታ ብዬ ወጣሁና ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ሙቀቱ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ስመለስ እያጨበጨቡ ነበር፣ እሱም አስጠላኝ።

ገንዘቡን ሳይሰጡ አይቀሩም። ቤኒ ስልኩን ይዞ እየዘለለ ነው። ብሩክቴ እቤት ብትኖር እነግራት ነበር። አሁን የምታጠናው አባይነሽ ቤት ነው፤ ራት ልታቀርብልኝ መጥታ ትሄዳለች።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ማንም ሳይጠይቀኝ ፈተና አወጣሁ። ከልማድ ነው። ጠረጴዛው ባዶ ስለሆነ ራሴ ተቀምጬ ሠራሁት፣ ለእሷ በሰጠኋት ሰዓት።

አልጨረስኩም። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መልሱም አጠገቤ ነው፣ ግን አልጨረስኩም። ስንት እንዳመጣሁ አላረምኩትም። ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ጭሱ እንኳን ያንቃል።

ሰኔ 10

ተፈተነች። ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሸኘኋት። በመንገድ ላይ የማስታውሳት ነገር ፈልጌ ነበር፣ አንድ ቀመር፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከንፈሬን ነከስኩ። ዝናብ ስለነበር ጃንጥላውን ሰጥቻት ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ መጣች። «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ደህና» አለች። ጫማዋን አወለቀች፣ ጭቃውን አራገፈች። ዓይኗ ግን ያበጠ ነበር፤ ያለቀሰች ይመስላል። ወድቃለች ማለት ነው። ከእኔ ጋር ባታጠና ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አባረርኩት፣ እንደገና መጣ።

ሰኔ 16

ውጤት ወጣ ይባላል። አልጠየቅኋትም። ስልኳን ስታነሣ ፊቷን አያለሁ፤ ምንም አይነበብበትም። ታበስላለች፣ ልብስ ታጥፋለች፣ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ሲወድቅ የሚጮህ ሰው አለ፣ ዝም የሚል አለ።

ለማጽናኛ የምላትን ቃል ሦስት ጊዜ አዘጋጀሁ። ሦስቱም የመምህር ንግግር ነው። የራሴ ድምፅ ሰለቸኝ።

ሰኔ 19

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አባይነሽ ገበያው መግቢያ ላይ ቅቤ ስትመርጥ አገኘኋት። ሳታየኝ ልለፍ ብዬ ነበር። ስለ ውድቀቱ እንዳታነሣብኝ ፈርቼ። እጇን ሳታብስ አቀፈችኝ፣ ሸሚዜ ቅቤ ሆነ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ሰባ አንድ! ጌታ ይመስገን እኮ!»

ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ድምፅዋ ቀነሰ።

«አልሰማህም እንዴ? ሰኞ ነው እኮ የወጣ። ሥራ ቦታዋ ሁሉ ሰምቷል፤ ከረሜላ አከፋፈሉ።» ከዚያ ቅቤዋን እያየች፣ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለች። ውሸት አትችልም።

ቤት ስገባ ብሩክቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም፤ ቅቤ የነካውን ሸሚዝ እንኳን አላወለቅሁም።

«ሰባ አንድ» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። «አባይ ነገረችህ።»

«ስትወጪ ዓይንሽ አብጦ ስለነበር የወደቅሽ መስሎኝ ነበር።»

«ስለቀለለኝ ነው» አለች። «ግማሹ ላይ ስደርስ የተሳሳተ ፈተና የሰጡኝ መስሎኝ ተቆጣጣሪውን ጠራሁት። ‹ይኸው ነው፣ ሥሪ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩ ነው የጨረስኩት።»

በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ሰው ሁሉ ሰምቶ እኔ ከገበያ ልስማ?»

ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ መልስ ነበረኝ።

«ብነግርህ ‹ጥሩ ነው፣ ግን› ትለኛለህ» አለች። «ስለ ማስተርስ መግቢያ ታነሣለህ፣ ወይ ሰማንያ ያመጣ ሰው ትጠራልኛለህ። እና ሌላ ወረቀት ታወጣለህ። ትንሽ ቀን እንኳን ሰባ አንድ ሆኜ ልቆይ ብዬ ነው።»

እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ከልቤ ነው፤ በሕይወቴ ይህን ያህል ከልቤ የተናገርኩት ነገር ያለ አይመስለኝም።

አመሰግናለሁ አለች። ግን ወደ ሽንኩርቷ አልተመለሰችም። እጇን አጣምራ ቆማ አፌን ታያለች። የቀረውን፣ ‹ግን› ማለቴን ነው የምትጠብቀው።